ገበያው ሲበተን በሐዋሳ መሃል ከተማ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ፥ የዝዋይንና የላንጋኖን ሐይቆች በግራው፥ የአብያታንና የሻላን በቀኙ እያደረገ ሻሸመኔን ካለፈ በኋላ፥ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ሐዋሳ ይደርሳል። ብዙዎቹ ከተሞቻችን ኮረብታ ፈልገው ሲቆረቆሩ ሐዋሳ ሜዳ ፈልጋ የተቆረቆረች ናት። ጎዳናዎቿ እንደ ደብተር መሥመር ቀጥ ያሉ፥ ዛፎቿም የበዙ ናቸው። ዕድሜዋ ገና ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ገደማ፥ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ሲዳሞን በሚያስተዳድሩበት ዘመን ተመሠረተች፤ ኋላም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማነት ከይርጋለም ወደ እርሷ ተዛወረ። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት።

ስለ ሐዋሳ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ስለ ሐይቁ ይጽፋል፤ ሐይቁም ይገባዋል። እኔ ግን ዛሬ አንባቢን ከሐይቁ ዳር የማቆመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ፥ ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣውን እየገፈፉ ሆድ ዕቃውን ሲጥሉ፥ እነዚያ እንደ ጡረተኛ ዳኛ ትከሻቸውን ሰብቀው የሚቆሙት አባ ኮዳዎች እየተሻሙ ይውጡታል። በዚያ ገበያ ለትራፊው ሁሉ ተቀባይ አለው። ከዚያ ተነሥተን በዋናው ጎዳና ወደ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አቅጣጫ፥ ወደ መሃል ከተማ ስንዘልቅ ግን ነገሩ ይለወጣል።

መሃል ከተማ ማለዳ ማለዳ ከየአቅጣጫው እሸት ይቀበላል። ከወንዶ ገነት በኩል ሸንኮራ አገዳና ጫት ይገባል፤ ከአርባ ምንጭ ሙዝ በመኪና ተጭኖ ይመጣል፤ ከደጋው ደግሞ ቆጮውና ቅቤው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በሴቶች ጀርባና በባጃጅ ይደርሳል። በተለይ የእንሰት ቅጠል በዚህ አገር የማይሠራው ሥራ የለም፤ መጠቅለያ ነው፥ ምንጣፍ ነው፥ ዝናብ በድንገት ሲመጣም ጃንጥላ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲገዛና ሲሸጥ ይዋልና ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ጉሊቱ መበተን ይጀምራል። እንግዳ ሰው ገበያን ማየት የሚወደው ሲሞቅ ነው፤ ይህን ገበያ ግን ሲበተን ማየት ይሻላል። የሸንኮራው ልጣጭና ጫፍ፥ ሙዙ ተለቅሞ ያለቀበት አገዳ፥ የጫቱ ገራባ፥ የእንሰቱ ቅጠል በየደጁ ተከምሮ ይቀራል። ፌስታሉም ከሁሉ ጋር ተደባልቆ አብሮ ይቀራል።

በመንገዱ የሚዞሩት ፍየሎች ይህን ሰዓት ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። ባጃጁ ጥሩምባውን ቢነፋም አይነቃነቁም፤ ከክምሩ መካከል ገራባውን እየመረጡ ያወጣሉ። በሐረርጌ ለፍየልና ለበግ ገራባ መቀለብ የቆየ ልማድ ነው፤ በሐሮማያ ዩኒቨርሲቲም ተጠንቷል። በጫት ላይ አንዳንድ ገበሬ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት ባይኖር ኖሮ እኔም ያለ ሐሳብ ባመሰገንኩት ነበር። የሆነ ሆኖ ፍየሎቹ በልተው የሚጨርሱት ከክምሩ ጥቂቱን ነው። የቀረው በማግሥቱ በቆሻሻ መኪና ይሄዳል፤ ካልሄደም ከቦይ ይገባል።

ይህ ለተማሪና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ጠዋት ከሥራ በፊት የሚጠጣውን ማኪያቶ ያስታውስ። በማኪያቶው ውስጥ ያለው ወተት ከአንድ ቦታ ይመጣል፤ ያ ቦታም ብዙ ጊዜ ሩቅ አይደለም።

ከዋናው ጎዳና ጥቂት ገባ ብሎ፥ በቆርቆሮ በታጠረ ጠባብ ግቢ፥ ሁለት ክልስ ላሞችና አንድ ወይፈን ያሏቸው አንዲት ባልቴት ይኖራሉ። የሠፈሩ ሰው ወተት የሚወስደው ከእርሳቸው ነው፤ እኔም ከወሳጆቹ አንዱ ነኝ። በሁለቱ ላሞች ወተት ልጆች አስተምረዋል፤ አሁንም የልጅ ልጅ ያስተምራሉ።

«እትዬ፥ ዘንድሮ መኖው እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፥

«ተወኝ ልጄ፤» አሉኝ። «እኔ ሳልቀምስ እርሷ ትበላለች። ደመወዝተኛ ናት፤ ዛሬ ካጎደልኩባት ነገ ወተቱን ትይዝብኛለች።»

ለላሞቹ የሚሰጡት ከዱቄት ፋብሪካ የሚወጣ ፉርሽካ፥ ከዘይት መጭመቂያ የሚመጣ ፋጉሎ፥ ከጠላ ቤት የሚገኝ አተላና ከከተማ ውጭ ተጭኖ የሚገባ ድርቆሽ ነው። አተላው በጉርብትና ይገኛል፤ የቀሩት ሦስቱ በገንዘብ ናቸው። ከጥር በኋላ ድርቆሹ ሲወደድ፥ እትዬ ጆንያቸውን ይዘው ወደ ጉሊቱ ይሄዱና ቆጮ የተጠቀለለበትን የእንሰት ቅጠል ይለምናሉ።

«ሴቶቹ ደጎች ናቸው፤ አይከለክሉኝም። ችግሩ ፌስታሉ ነው። አንድ በአንድ ካልለቀምኩት ይገድልብኛል።»

የጎረቤታቸው ላም ሆዷ ተነፍቶ ከታረደች በኋላ ከውስጧ የወጣውን የፌስታል ጥቅል ምን ያህል እንደ ነበረ በሁለት እጃቸው አሳዩኝ። የሰው ራስ ያህል ነበር።

እዚህ ላይ ለተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ የምነግራቸውን ለአንባቢም ልንገር። ላም፥ በግና ፍየል የሚያመሰኩ እንስሳት ናቸው። ሆዳቸው አራት ክፍል አለው፤ ከአራቱ በሚበልጠው ክፍል ውስጥ ቁጥር ስፍር የሌላቸው፥ በዓይን የማይታዩ ደቂቅ ሕያዋን ይኖራሉ። የእኛ ሆድ የማይፈጨውን የቅጠልና የአገዳ ጭረት የሚያፈራርሱት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ላም ቀለብን ስንል በእውነቱ የምንቀልበው በሆዷ ያሉትን ጥቃቅን ሠራተኞች ነው። እነርሱም ሁለት ነገር ባንድነት ይፈልጋሉ፤ ጉልበት የሚሆን ስኳርና ስታርች፥ አካል የሚሠራ ፕሮቲን። አንዱ በዝቶ ሌላው ከጎደለ ላሟ ሆዷ ሞልቶ ሳለ ትከሳለች። ከጉሊቱ የሚተርፈውን እንዲሁ ዘግኖ መስጠት የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው። የሸንኮራው ጫፍና ልጣጭ ስኳር አለው፥ ፕሮቲኑ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሙዙም አገዳ ከውሃ የሚበልጥ ነገር የለውም።

የእንሰት ቅጠል ግን ከእነዚህ ይለያል። የሐዋሳ እርሻ ኮሌጅ በ1976 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ፥ ኋላም የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ፥ ከሥራዎቹ አንዱ ይህን ተክል ክፍል በክፍል መመርመር ነበር፤ በዩኒቨርሲቲው እንደ አዱኛ ቶለራና እንደ አጀቡ ኑርፈታ ያሉ የእንስሳት አመጋገብ ሊቃውንት ሠርተውበታል። ቅጠሉ ውሃው ሲለይ ከመቶ 13 እጅ ያህል ፕሮቲን አለው፤ ይህም ከበጋ ድርቆሽ እጅግ ይበልጣል። አሚቾውና ግንዱ ደግሞ ስታርቻቸው የበዛ፥ ፕሮቲናቸው ያነሰ ነው። አንዱ ተክል ሁለቱንም ይዞ፥ ግን በተለያየ ኪሱ ይዞ፥ በአንድ ግቢ ቆሟል ማለት ነው። እትዬ ይህን ቁጥር አያውቁትም፤ ቢሆንም ከጉሊቱ ክምር ሁሉ መርጠው የሚለምኑት ቅጠሉን ነው።

በሲዳማ ገጠር እንሰቱ ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ከብቱም ማታ ከቤተ ሰቡ ጋር አንድ ጣራ ሥር ያድራል። ጠዋት እበቱ ይጠረግና ወደ እንሰቱ ሥር ይሄዳል፤ እንሰቱም በበጋ ሣር ሲጠፋ ቅጠሉን ለከብቱ ይመልሳል። ማዳበሪያ በጆንያ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ይህ ንግድ ያለ ገንዘብ ሲካሄድ ኖሯል። ከብት የሌለው ሰው እንሰቱ ይቀጭጭበታል፥ እንሰት የሌለው ደግሞ ከብቱ ይከሳበታል። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት በመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፥ በፍቼ ጨምበላላ፥ ለከብቱ ተከልሎ የቆየ ለምለም ሣር ይለቀቅለታል። ዘመን ሲለወጥ ከብቱ ድርሻውን የሚያገኝበት አገር ነው።

በከተማ ይህ መመላለስ ተቆርጧል። ቅጠሉ ወደ መሃል ከተማ ይመጣል፥ ተመልሶ አይሄድም። እትዬ ግቢ የተከማቸው እበት ደግሞ ወደ እንሰቱ የሚወስደው ጠፍቶ፥ ባልቴቲቱ ለማስጠረጊያ ገንዘብ ይከፍላሉ። ገጠር ወርቅ የሆነው ነገር እዚህ ዕዳ ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ ለመኖም ለጽዳትም ከፍለው፥ ሁለቱም ክፍያ በአንድ ጋሪ ምልልስ ሊቀር የሚችል ነበርና።

ከዚህ ጋር የእንሰት አጠውልግ በሽታ ሊረሳ አይገባም። በሽታውን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር በ1968 እ.ኤ.አ. ለዓለም አስታውቀዋል። የታመመ እንሰት የበላ ከብት በሽታውን ወደ ጤነኛው ሊያሸጋግር ስለሚችል፥ ከታመመ ማሳ የተቆረጠ ቅጠል እንሰት ባለበት ግቢ ለሚውል ከብት አይሰጥም።

ስለ ቅጠሉ ይህን ያህል ካልኩ በኋላ፥ ወደ ሐዋሳ ጨርሶ ስለማይደርሰው ትራፊ መናገር አለብኝ። ይህን ለማየት ባለፈው ኅዳር ወደ ይርጋለም በኩል ተጓዝኩ፤ ከሐዋሳ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ ቱላን አልፎ ሽቅብ ሲል ሜዳው ያልቅና እንሰትና ቡና እየተፈራረቁ ይመጣሉ። ወሩ ቡና የሚለቀምበት ስለ ሆነ ፍሬው ቀልቶ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። የእሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያውን ከማየት በፊት ሽታው ይቀበላል፤ ጣፋጭም ኮምጣጣም ነው፥ ድግስ ካለቀ በኋላ እንደሚቀር የጠጅ ጋን።

ገበሬው ያመጣው ቀይ እሸት በማሽኑ ሲያልፍ፥ ፍሬው በአንድ ወገን ወደ ገንዳው ይገባል፤ ቀዩ ልጣጭ በሌላ ወገን ይተፋል። ከ100 ኪሎ እሸት 40 ኪሎ ያህሉ ይህ ልጣጭ ነው። ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ጥሬ ቡና ወደ 6 ኪሎ እሸት ስለሚያስፈልግ፥ አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ወደ ውጭ አገር በተላከ ቁጥር ከሁለት ኪሎ የሚበልጥ ልጣጭ እዚህ ቀርቷል ማለት ነው። ሲዳማ በየዓመቱ የሚልከውን የታጠበ ቡና የሚያስብ ሰው ተራራውን በሐሳቡ ሊያየው ይችላል። አንዳንዱ ጣቢያ በጉድጓድ አብስሎ ለማዳበሪያ ያውለዋል፤ ብዙው ግን ተከምሮ ይበሰብሳል፤ ዝናብ ያገኘውም ከማጠቢያው ውሃ ጋር ወደ ጊዳቦ ወደሚገቡት ወንዞች ይወርዳል። ውሃው ውስጥ ሲበሰብስ አየሩን ስለሚጨርሰው በወንዙ ያለ ሕይወት ይታፈናል፤ ከታች ያለው ገበሬም ከብቱን የሚያጠጣበት ያጣል። ከብት ሊበላው የሚችል ነገር የከብት መጠጫ ሲያበላሽ ማየት ያስገርማል።

የጣቢያውን ዘበኛ «አባባ፥ ይህን ከብት አይበላውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ወይፈኔን ሞክሬው ነበር አስተማሪ፤» አሉኝ። «መጀመሪያ ቀን አሽትቶ ዘወር አለ። በሦስተኛው ቀን ጨው ብነሰንስበት ላሰውና ጥቂት በላ። ሲበላ የዋለ ዕለት ግን ሽንቱ በዛ።»

ዘበኛው ያዩት ትክክል ነው፤ ሳይንሱም ይህንኑ ይላል። የቡና ልጣጭ ውሃው ሲለይ ከመቶ 10 እስከ 12 እጅ ፕሮቲን አለው፤ ይህ ደግ ነው። ነገር ግን ከመቶ 1 እጅ የሚበልጥ ካፌይን፥ ከዚህም ጋር አፍ የሚያስረውን ታኒን ይዟል። ካፌይኑ ለእኛ እንቅልፍ እንደሚከለክል ሁሉ ላሟንም ሽንት ያበዛባታል፥ ከሽንቱም ጋር ያገኘችው ፕሮቲን በከፊል ይሄድባታል። ታኒኑ ደግሞ ጣዕሙን ያበላሻል። በጓቴማላ ከተማ የሚገኘው የመካከለኛው አሜሪካ የሥነ ምግብ ተቋም ይህን ጉዳይ ለብዙ ዓመታት መርምሮ፥ ሊቃውንቱ ብራሃምና ብሬሳኒ በ1979 እ.ኤ.አ. ስለ ቡና ልጣጭ ብቻ አንድ መጽሐፍ አሳትመዋል። ቡና አብቃዮቹ እነዚያ አገሮች የደረሱበት ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ለከብት ከጠቅላላው ደረቅ መኖ እስከ አምስተኛ እጅ ድረስ ቢሰጥ አይጎዳም፤ ከዚያ ሲያልፍ ከብቱ ይበላው ዘንድ አይወድም፥ ክብደቱም አይጨምርም። በቀን 10 ኪሎ ደረቅ መኖ ለምትበላ ላም ቢበዛ 2 ኪሎ መሆኑ ነው።

ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው የጊዜው መገጣጠም ነው። ልጣጩ የሚወጣው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ሣር የሚጠፋው ከጥር እስከ መጋቢት ነው። ተፈጥሮ መኖውን ከረኀቡ ጥቂት ወራት ቀድማ ልካለች፤ የሚቀረው ማቆየት ነው። ማቆየት ደግሞ ትልቅ ጥበብ አይጠይቅም። ከአምስት እጅ አራት እጁ ውሃ ስለ ሆነ በመጀመሪያ ጥቂት በፀሐይ ይጠወልጋል፤ ከዚያ በጉድጓድ ውስጥ እየተረገጠ ይጠቀጠቃል፤ አየር እንዳይገባው በላስቲክ ተሸፍኖ አፈር ይመለስበታል። ሞላሰስ ቢነሰነስበት ቶሎ ይኮመጥጣል፥ ጣዕሙም ይሻላል። ከአንድ ወር በላይ ሲቆይ ሳይሌጅ የሚባለው መኖ ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ ፈጽሞ ማድረቅ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ፀሐይ የሚታጣባቸው ወራት አይደሉም፤ ለዚያውም ቡናውን የሚያሰጡበት አልጋ እዚያው ቆሟል። አንድ ቀን ሳይደርቅ ተከምሮ ካደረ ግን ይሻግታል፤ የሻገተ መኖ ላም ይጎዳል፥ መርዙም ወደ ወተቱ ሊያልፍ ይችላል።

ሞላሰስን ካነሣሁ፥ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳርና ኋላም መተሐራ ይህን ጥቁር ማር የመሰለ ትራፊ ለከብት አድላቢዎች ሲሰጡ ኖረዋል። የኩባ ሰዎችም ከብታቸውን በሞላሰስና በዩሪያ ያደለቡበት ጊዜ ነበር፤ ዩሪያው ግን መጠኑ ካለፈ በሰዓታት ውስጥ የሚገድል ስለ ሆነ፥ ባለሙያ ሳያሳይ ማንም በቤቱ አይሞክረው። በማሌዢያ የዘንባባው ፍሬ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ ባሕር ተሻግሮ የሆላንድ ላሞች ይበሉታል። የእኛ የቡና ልጣጭ 45 ኪሎ ሜትር መሻገር ተስኖታል። በሌላ በኩል ትራፊ ሁሉ መኖ አይደለም፤ በይርጋለም አካባቢ አሁን የበዛው የአቮካዶ ቅጠል የፍየልንና የላምን ጡት የሚያቆስል መርዝ አለው፤ አረንጓዴ ነው ተብሎ መሰጠት የለበትም።

ከጉዞዬ ተመልሼ ለምን እንደማይሆን ሳሰላስል፥ አንዱ ምክንያት ክብደቱ መሆኑ ገባኝ። እርጥቡን ልጣጭ መጫን ውሃ መጫን ነው፤ ማንም ባለመኪና አይስማማም። የደረቀው ግን ከአራት ኪሎ አንድ ኪሎ ያህል ብቻ ስለሚቀር ሌላ ነገር ነው። የጣቢያው ቡና ደርቆ ወደ ሐዋሳ መጋዘን መምጣቱ አይቀርም፤ መኪናው መንገዱን ያውቀዋል። ቡናው በተጫነበት ላይ ጥቂት ጆንያ ልጣጭ ቢደረብ ለብቻው መኪና ከመከራየት ይልቅ ይቀላል። ሁለተኛው ምክንያት ባለቤት ማጣት ነው። ጣቢያው ቡና እንጂ መኖ የሚሸጥ አይመስለውም፤ ከተማው ቅጠሉን ቆሻሻ እንጂ መኖ ብሎ አይጠራውም።

በጉሊቱ በኩል ግን አንድ ነገር ተጀምሯል። ሦስት ወጣቶች የእጅ ጋሪ ይዘው፥ ሴቶቹ ከመነሣታቸው በፊት፥ የእንሰቱን ቅጠል ፌስታል ሳይነካው ለብቻው ይቀበላሉ። ለሴቶቹ የሚሰጡት ገንዘብ የለም፤ ደጃቸውን ጠርገውላቸው ይሄዳሉ፥ ይህም ለሴቶቹ በቂ ነው። ቅጠሉን ላም ላላቸው ቤቶች በጋሪ ሙሉ ይሸጣሉ። ሲመለሱ እበት ይዘው እንዲወጡና ከከተማው ዳር ላሉት አትክልተኞች እንዲያደርሱ ነገሩን ለአንደኛው አንሥቼለት ነበር፤ «ጋሪው ይሸታል» ብሎ እንቢ አለኝ። ሌላኛው ግን ዋጋውን ጠየቀ።

እትዬን ስለ ቡናው ልጣጭ ባጫወትኳቸው ጊዜ ዝም ብለው ሰሙኝና ስለ ሽንቱም፥ ስለ አምስተኛ እጁም አንድ በአንድ አስደገሙኝ።

«ደረቁ ከመጣ አንድ ጆንያ እሞክራለሁ፤» አሉኝ በመጨረሻ። «ግን መጀመሪያ ለወይፈኑ ነው። ላሟን ለትምህርት አልሰጥህም።»